ቴአትር ለመማር ከየት ልጀምር?

«ጋሼ፣ 23 ዓመቴ ነው። አካውንቲንግ ተምሬ ስታዲየም አካባቢ አንድ ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ። ልቤ ያለው ግን ቴአትር ላይ ነው። አንድ ጓደኛዬ ‹ታሪኩንና ቲዎሪውን ተይው፤ ተሰጥኦ ካለሽ መድረክ ላይ ውጪና ተለማመጂ› ይለኛል። እህቴ ደግሞ ‹መጀመሪያ አንብቢ፤ ሳታውቂ ምኑን ትጫወቻለሽ?› ትለኛለች። ሥራዬን ትቼ ዩኒቨርሲቲ መግባት አልችልም። ታሪክ፣ ፅንሰ ሐሳብ፣ ትወና፤ በየትኛው ልጀምር?»

ጓደኛሽም እህትሽም ግማሽ እውነት ይዘዋል። ሁለቱም ግን ሦስቱን ነገሮች አንዱ ሲያልቅ ሌላው እንደሚጀመር አድርገው ነው የሚያስቡት። እንደዚያ ከሄድሽ ታሪኩ የዓመተ ምሕረት ሽምደዳ ይሆንብሻል፣ ፅንሰ ሐሳቡ ደረቅ ይሆናል፣ ትወናሽም በደመ ነፍስ ይቀራል። እኔ የምመክርሽ ሌላ መንገድ ነው። አንድ ተውኔት ምረጪ። አንድ ብቻ። ታሪኩንም ፅንሰ ሐሳቡንም ትወናውንም በእሱ ውስጥ ተማሪ።

ፒያሳ ከመሥሪያ ቤትሽ ሩቅ አይደለም፤ ስለዚህ የምመርጥልሽ የፀጋዬ ገብረ መድኅንን «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ነው። የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልት ሳታውቂው አትቀሪም። ከማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ ያለው፣ ቀላል ባቡሩ ሲሠራ ተነስቶ በኋላ ወደ ቦታው የተመለሰው ነው። አንድ ቀን ከሥራ ስትወጪ እዚያ ሂጂ። ፎቶ ለመነሳት ሳይሆን ለመጠየቅ። ይህ ሰው እዚህ ከተማ ውስጥ ሲገደል ወሩ ምን ነበር? ከተማዋን ማን ይዟት ነበር? ከአንድ ቀን በፊት ምን ተፈጠረ?

መልሱን ልስጥሽ። ጣሊያን አዲስ አበባን የያዘው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ሐምሌ ላይ የሸዋ አርበኞች ከተማዋን ለማስለቀቅ ከየአቅጣጫው ሞከሩ፤ አልተሳካም። አቡነ ጴጥሮስ ተያዙ። አርበኞቹን እንዲያወግዙና ሕዝቡ ለጣሊያን እንዲገዛ እንዲናገሩ ተጠየቁ። እምቢ አሉ። ሐምሌ 22 ቀን በጥይት ተደብድበው ተገደሉ። ክረምት ነው፤ ጭቃ ነው፤ ከተማው ፈርቷል። እኚህ ሰው ደግሞ በ1921 ዓ.ም. ከተሾሙት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ናቸው። ሹመቱ ገና ሰባት ዓመቱ ነው።

አሁን ታሪክ ተምረሻል። ግን ልብ በይ፣ ሳታውቂው የትወና ሥራም ጀምረሻል። የሞስኮ አርት ቴአትርን እ.ኤ.አ. በ1898 ከአጋሩ ጋር የመሠረተው ስታኒስላቭስኪ «የተሰጡ ሁኔታዎች» የሚላቸው እነዚህኑ ነው። ማን ነኝ? የት ነኝ? መቼ ነው? አሁን ከመግባቴ በፊት ምን ሆነ? ምን እፈልጋለሁ? ምን ከለከለኝ? ተዋናይ እነዚህን ሳይመልስ መድረክ ላይ ከወጣ የያዘው ቃል ብቻ ነው።

በዚህ ተውኔት ላይ ደጋግሜ ያየሁትን ስህተት ልንገርሽ። ተዋናዩ ገና ሲገባ ደረቱን ነፍቶ፣ ድምፁን አወፍሮ፣ ዓይኑን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ይገባል። ሐውልቱን ነው የሚጫወተው። ሰውየውን አይጫወትም። ተመልካቹ መጨረሻውን ያውቃል፤ ሰማዕት እንደሚሆኑ ከትምህርት ቤት ጀምሮ ሰምቷል። ታዲያ ምን ሊያይ መጣ? ያችን ሰዓት ሊያይ ነው የመጣው። «እሺ» ማለት ይቻል የነበረበትን ሰዓት። አንድ ቃል ብትወጣ ነፍስ የምትተርፍበትን ሰዓት። ተዋናዩ «እሺ» ሊል እንደሚችል ለአንዲት ቅጽበት ካላሳመነን «እምቢ» ማለቱ ዋጋ የለውም። ፍርሃት የሌለበት ጀግንነት መድረክ ላይ ሞቶ ነው የሚወለደው።

ፅንሰ ሐሳብ የምትይው ነገር የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። አሪስጣጣሊስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ትራጀዲ ሲጽፍ፣ ተመልካቹ ርኅራኄና ፍርሃት ተሰምቶት መውጣት አለበት ብሎ ነበር። ይህን ለፈተና ብትሸመድጂው ነገ ይረሳሻል። ሐውልት ሆኖ ለገባ ተዋናይ ግን እናዝንለታለን ወይ ብለሽ ጠይቂ። አናዝንም። እንፈራለታለን? አንፈራም። ለምን ብትይ፣ የሚያጣው ነገር ያለው አይመስልማ። የአሪስጣጣሊስ ሐሳብ በዚህ መንገድ የልምምድ መሣሪያ ይሆንልሻል። ስድስት የተውኔት ክፍሎችንም ቆጥሯል፤ ሴራ (የድርጊቶቹ አሰካክ ማለት ነው)፣ ገፀ ባሕርይ፣ ሐሳብ፣ የቋንቋ አጠቃቀም፣ ዜማና ለዓይን የሚታየው ነገር። ከሁሉ ያስቀደመው ሴራን ነው። እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። እኛ ግን ልማዳችን ቋንቋን ማስቀደም ነው። ለምን እንደሆነ ታሪካችን ይነግርሻል።

የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነው። ተክለ ሐዋርያት ሩሲያ የተማሩ፣ በኋላም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ናቸው። በ1910ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ በአውሬ ምሳሌ የመኳንንቱን ብልሹነት ለመኳንንቱ ራሳቸው አሳዩ። ውጤቱ እገዳ ነበር። እስቲ አስቢው፤ የአማርኛ ቴአትር አፉን በፈታ ማግስት ነው አፉ የተያዘው። ከዚያ ወዲህ የመጣ ፀሐፌ ተውኔት ሁሉ በምሳሌ መናገርን፣ ደፍኖ መናገርን የለመደው ለውበት ብቻ አይደለም።

ቀጥሎ ዮፍታሔ ንጉሤ መጣ። ዮፍታሔ የጎጃም የቅኔ ቤት ልጅ ነው። ቅኔ ቤት ያደገ ሰው መድረክ ሲያገኝ ምን ይዞ ይመጣል? ግጥም፣ ዜማ፣ ሰምና ወርቅ፣ ምክር። መድረካችን በቃል ኃይል ተመሠረተ። ረጅም ንግግር፣ ወደ ሕዝቡ ዞሮ መናገር፣ ቤት በሚመታ አዝማች ማሳረፍ። አንዳንድ ወጣት አዘጋጆች ይህን እንደ ኋላቀርነት ያዩታል። እኔ አልስማማም። ምንጩ ሀብታም ነው። ችግሩ ቃሉ ድርጊቱን ሲውጠው ነው።

«ቴአትር ከፈረንጅ የመጣ ነው» የሚሉሽም ይኖራሉ። አዳራሹ፣ መጋረጃው፣ ትኬቱ አዎ። ግን «በላ ልበልሃ» የሚባለው የድሮው የችሎት ሙግት ምን ነበር? ከሳሽና ተከሳሽ ቆመው፣ ነጠላቸውን ወግ ባለው መንገድ አጣፍተው፣ ዘንጋቸውን ይዘው፣ በስንኝ ይሟገታሉ። አንዱ ይወጋል፣ ሌላው ይመልሳል። ዙሪያውን የቆመው ሕዝብ ይፈርዳል፣ ያጉረመርማል፣ ይስቃል። በማር፣ በፈረስ ይወራረዳሉ። ሁለት ፍላጎት ፊት ለፊት ቆሟል፣ አንዱ ካልወደቀ ሌላው አይቆምም። ግጭት ማለት ይኼ ነው። ፀሐፊዎቻችን ከቅኔ ቤት ብዙ ወሰዱ፤ ከችሎቱ ግን በቂ አልወሰዱም ብዬ አምናለሁ። በቅኔ አንድ ሰው ብቻውን ይራቀቃል። በችሎት ግን የምትናገሪው ሁሉ ለሌላው ቃል መልስ ነው። ጥሩ ቃለ ተውኔት፣ ማለትም የገፀ ባሕርያቱ ምልልስ፣ የችሎት ልጅ ነው። ሙሾ አውራጇን፣ አዝማሪውን፣ ከተቀመጠው ሰው ስንኝ እየተቀበለ የሚመልስበትን ፍጥነትም ተመልከቺ። የመድረክ ላይ ፈጠራን ከእነሱ የተሻለ የሚያስተምርሽ የለም።

ሕንፃዎቹን በአጭሩ ልለፋቸው፤ ራስሽ ሄደሽ ብታያቸው ይሻላል። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. በማኅበርነት ሲቋቋም ጣሊያን ሊወር እየተዘጋጀ ነበር። አነሳሹ መኮንን ሀብተ ወልድ ናቸው። ዓላማው ሕዝቡን በንግግር፣ በዘፈንና በግጥም መቀስቀስ ነበር። ቴአትራችንና የሀገር ጉዳይ ዛሬም ድረስ አንድ ላይ የሚገኙት ከዚያ ጀምሮ ነው። ብሔራዊ ቴአትር ደግሞ ጣሊያኖች ለሲኒማ ጀምረው ሳይጨርሱ የተዉት ሕንፃ ነው። ተጠናቆ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሡ የዘውድ 25ኛ ዓመት በዓል ተከፈተ። መክፈቻው የመኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦሪዮን» ነበር። የሰው ሚስት የወሰደ ንጉሥ ታሪክ በንጉሥ በዓል ላይ! ይህን እንዴት እንዳዩት ሳስብ ሁሌም ይገርመኛል።

ብሔራዊ ስትገቢ ግን አንድ ነገር አስተውይ። አዳራሹ ትልቅ ነው። መጨረሻ ወንበር ላይ ያለ ሰው የተዋናዩን ቅንድብ አያይም። ስለዚህ ተዋናዩ ወደ ፊት ይዞራል፣ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ እጁን ያሰፋል። ብዙ ሰው የአማርኛ ትወና ጩኸት ይበዛበታል ሲል የሕንፃውን ድርሻ ይረሳል። ትንሽ ክፍል ውስጥ፣ ሃያ ሰው ፊት ስትጫወቺ ይህ ሁሉ አያስፈልግሽም። የቲክቶክ ካሜራ ፊት ደግሞ ጭራሽ። ትወና ቦታውን ይመስላል።

ከ1950ዎቹ ጀምሮ ውጭ ተምረው የተመለሱት መጡ። መንግሥቱ ለማ ቅኔም ተምሯል፣ ለንደንም ተምሯል። የ«ያላቻ ጋብቻ» እና የ«ጠልፎ በኪሴ» ሰዎች ንግግር ከመድረክ ይልቅ ከሳሎን የመጣ ይመስላል። ለጀማሪ ከእሱ የተሻለ የቃለ ተውኔት መምህር አላውቅም። ፀጋዬ በሌላ አቅጣጫ ሄደ፤ ከባድ ስንኝ፣ ትልቅ ሰው፣ ትልቅ ቁስል። ሼክስፒርን ወደ አማርኛ አመጣ። የጀርመናዊውን ፀሐፌ ተውኔት የብሬሽትን «እናት ኩራዥ» ደግሞ «እናት ዓለም ጠኑ» ብሎ የእኛ አደረጋት። ብሬሽት ተመልካቹ በስሜት እንዲሰጥም አልፈለገም፤ እንዲያስብና ነገሩ ሊለወጥ እንደሚችል እንዲያይ ነው የፈለገው። ለዚህም በትረካ፣ በዘፈን፣ ወደ ሕዝቡ በመናገር ጨዋታውን ያቋርጠዋል። ይህ ለአውሮፓ ተመልካች አዲስ ነገር ነበር። አዝማሪ ለለመደ ተመልካች ግን ያን ያህል አያስደነግጥም። «ሀሁ በስድስት ወር»ን የመሳሰሉት የአብዮቱ መባቻ ሥራዎች ሲመጡ ቴአትር የአደባባይ ክርክር ሆነ። ቀጥሎ ሳንሱሩም መፈክሩም መጣ፤ የዚያን ዘመን ተውኔት ስታነቢ ፀሐፊው የቱ ጋ ለመንግሥት፣ የቱ ጋ ለሰዉ እንደሚናገር ለይተሽ ለማየት ሞክሪ።

ወደ ተግባሩ እንምጣ። ጓደኛሽ ትክክል የሆነበት ቦታ ይኼ ነው። መዋኘት በመጽሐፍ አይለመድም፤ ትወናም እንዲሁ ነው።

ሦስት አራት ሰው ሰብስቢ። የቢሮ ባልደረባ ይሁን፣ የሰፈር ልጅ ይሁን ግድ የለም። በተውኔት አትጀምሩ፤ በምታውቁት ነገር ጀምሩ። ታክሲ ውስጥ ናችሁ። አንዷ ተሳፋሪ ናት፣ አንዱ ረዳት። መልሷን አልሰጣትም። መውረጃዋ ደርሷል። ይህን ለማንም ስጪ፣ መጀመሪያ የሚያደርገው መጮህ ነው። «ሌባ! መልሴን ስጠኝ!» ረዳቱም ይጮሃል። በግማሽ ደቂቃ ውስጥ አለቀ፤ ከዚያ በላይ የሚሄድበት የለም።

አሁን አስቁሚያቸውና ለእያንዳንዳቸው ለብቻ በጆሯቸው አንድ ነገር ንገሪ። ለተሳፋሪዋ፦ «ይቺ ገንዘብ ለሚቀጥለው ታክሲ ያለሽ ብቻ ናት፤ ግን ጎንሽ የተቀመጡት ሰውዬ አለቃሽ ናቸው። ገንዘብ እንዳጠረሽ እንዲያውቁ አትፈልጊም።» ለረዳቱ፦ «ዝርዝር በእውነት የለህም፤ ሹፌሩ ደግሞ ጠዋት ሒሳብ አጉድለሃል ብሎሃል።» እንደገና ይጀምሩ። ምን እንደሚሆን ተመልከቺ። ድምፅ ይወርዳል። ተሳፋሪዋ ፈገግ ትላለች። «ወንድሜ፣ ያቺን ነገር...» ትላለች፤ አለቃዋን በጎን ታያለች። ረዳቱ ኪሱን ይዳብሳል፣ ወደ ሹፌሩ ያያል፣ «ቆይ እናቴ፣ ቆይ» ይላል። ማንም ተናደጂ ወይም እፈሪ አላላትም። ፍላጎትና መሰናክል ሰጠሻት፣ ስሜቱ ተከትሎ መጣ። ስሜትን መጫወት አይቻልም። የሚቻለው ፍላጎትን ማሳደድ ነው። ከዚህ ልምምድ ሌላ ምንም ባትወስጂ ይህን ያዢ።

ይህን ደጋግማችሁ ከሠራችሁ በኋላ ወደ ጴጥሮስ ተመለሱ። አንድ ገጽ ብቻ ውሰዱ። መጀመሪያ ተቀምጣችሁ አንብቡ፤ ያለ ትወና፣ ያለ ዜማ። ከእያንዳንዱ ንግግር ጎን ይህ ሰው አሁን ሌላውን ምን እያደረገው እንደሆነ በእርሳስ ጻፉ። እያባበለ ነው? እየለመነ? እየፈተነ? እያሳፈረ? «ተቆጥቷል» ብላችሁ አትጻፉ፤ የሚጫወት ነገር አይደለም። ከዚያ ተነሥታችሁ ሞክሩት።

የፀጋዬ ስንኝ ረጅም ነው፤ ትንፋሽ ይጨርሳል። ብዙ ጀማሪ ስንኙ ባለቀ ቁጥር ትንፋሽ ይወስዳል፣ በዚያውም ግጥም የማንበብ ዜማ ውስጥ ይገባል። ሐሳቡ የት እንደሚያልቅ ፈልጊና እዚያ ተንፍሺ። አንዳንዴ ሐሳቡ ስንኙ መሐል ያልቃል፣ አንዳንዴ ሁለት ስንኝ ይዞ ይሄዳል። ጮክ ብለሽ ሳይሆን በንግግር ድምፅ፣ እየተራመድሽ ተለማመጂ። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ የተረከውን ፈልገሽ ስሚ። ድምፁን ለመኮረጅ አይደለም። መቼ ዝም እንደሚል፣ አንዱን ሰው ከሌላው በፍጥነት ብቻ እንዴት እንደሚለይ ለመስማት ነው።

ቴአትር ማየትም የትምህርቱ ግማሽ ነው። ፕሮግራሙን ቀድመሽ ጠይቂና ሂጂ። ከተቻለ አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ እዪ። በመጀመሪያው ታሪኩን ተከተይ፤ በሁለተኛው የማይናገረውን ተዋናይ ብቻ ተመልከቺ። ጥሩ ተዋናይ ሌላው ሲናገር ይሰማል። ደካማው ተራውን ይጠብቃል። ልዩነቱን አንዴ ካየሽው ሁለተኛ አይሰወርሽም። ተመልካቹንም እዪ፤ የት ሳቀ፣ የት ሳል በዛ፣ የት ስልክ ወጣ። ሳል የበዛበት ቦታ ብዙ ጊዜ ፍላጎቱ የጠፋበት ቦታ ነው።

ስለ ዩኒቨርሲቲው፦ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ቴአትር ያስተምራል፤ ትምህርት ቤቱም ዛሬ የዮፍታሔ ንጉሤን ስም ይዟል። መግባት ብትችዪ ጥሩ ነው። የሚሰጥሽ ትልቁ ነገር ከዲግሪው ይልቅ ጊዜና አብሮሽ የሚሠራ ሰው ነው፣ ደግሞም ሥራሽን በየሳምንቱ የሚተችልሽ መምህር። እነዚህን ውጭም ማግኘት ይቻላል፤ ግን ካልፈለግሻቸው አይመጡም። በየክፍለ ከተማው ያሉ የወጣት ማዕከላትንና የቴአትር ክበባትን ጠይቂ። በአጭር ሥልጠና ፊልም ላይ አሳትፋለሁ ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅሽ ግን አትክፈዪ። የሚያሠለጥን ሰው ያሠለጠናቸውን መድረክ ላይ ያሳይሽ።

ተሰጥኦን በተመለከተ ጓደኛሽን እንዲህ በይልኝ። ተሰጥኦ አለ፤ አልክድም። ግን ተሰጥኦ ብቻ ያለው ተዋናይ ጥሩ ቀንና መጥፎ ቀን አለው፣ ለምን እንደሆነ ራሱም አያውቅም። ቅዳሜ አዳራሹን ያስለቀሰበት ትዕይንት እሁድ ይከሽፍበታል፤ የቅዳሜውን ማልቀስ ለመድገም ሲሞክር ፍላጎቱን ጥሎት ገብቷላ። ሥልጠና ያለው ተዋናይ ወደ ጥያቄዎቹ ይመለሳል። ምን እፈልጋለሁ? ምን ከለከለኝ? እሁድንም ይሠራዋል።

እህትሽ ደግሞ ማንበብ ያለችው እውነት ነው፤ ከጴጥሮስ ቀጥለሽ የመንግሥቱ ለማን አንድ ኮሜዲ አንብቢ። ከዚያ የጥንቱን የግሪክ ትራጀዲ «ኤዲፐስ ንጉሥ»ን። ከከባዱ ስንኝ ወደ ሳሎን ወሬ፣ ከዚያ ወደ ጥንቱ ምንጭ ስትሄጂ ሦስቱን ማወዳደር ትችያለሽ። አካውንታንት ስለሆንሽ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ለእያንዳንዱ ትዕይንት በደብተርሽ ማን ምን ይዞ ገባ፣ ምን ይዞ ወጣ ብለሽ መዝግቢ። ማንም ምንም ሳያገኝ ሳያጣ የወጣበት ትዕይንት ካገኘሽ፣ ፀሐፊው ለምን አስገባው ብለሽ ተከራከሪው።

ቡድኑ ከተሰበሰበ የትኛውን ገጽ እንደመረጣችሁና በእርሳስ የጻፋችሁትን ላኪልኝ፤ የምትጠራጠሩባቸውን ቦታዎች እመልስላችኋለሁ።